ጨረርን መፍራትም መናቅም ሳይሆን መለካት
(በጅማ፣ በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ አንድ የሳይንስ ጉዳይ እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ ጨረርን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዕረፍት ጊዜ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሰቃና ወደ ሰርቦ፣ ወደየቤታችን ስንመለስ ሁለት ዓይነት ነገር እናያለን። ባንድ በኩል ሐኪም የጨረር ሕክምና ያዘዘላት እናት «ጨረር ያቃጥላል፤ አንዴ ከገባም አይወጣም» ተብላ ቤቷ ትቀራለች፤ ሕክምናውን ጨርሳ የተመለሰችውም ሲኒዋ ለብቻ ይደረግላታል። በሌላ በኩል ደግሞ የራጅ ክፍል በር እንደ ተከፈተ፣ ተራ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ፣ አስታማሚው ያለ ምንም መከላከያ ሕመምተኛውን ደግፎ ሥዕሉ ይነሣል። የመጀመሪያዎቹ ያለ ልክ ይፈራሉ፤ ሁለተኛዎቹ ያለ ልክ ይንቃሉ። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ይኸውም ጨረር የሚለካ ነገር መሆኑን አለማወቅ ነው። በቡና አገር ያደግን ሰዎች ሚዛን ያልነካው ቡና ሲሸጥ ዝም ብለን እንደማናይ ሁሉ፣ ስለ ጨረር የሚነገረውንም «መጠኑ ስንት ነው?» ብለን ሳንጠይቅ ልንቀበለው አይገባንም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አስቀድመን እንድትረዱልን የምንፈልገው፣ «ዓመተ ምሕረት» ብለን ካልጠራነው በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

ራጅ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በዓይን የማይታየውን ጨረር ያገኘው ኅዳር 8 ቀን 1895 ነው። ምንነቱ ስላልታወቀለት «ኤክስ» ብሎ ሰየመው። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1896፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። የቆሰሉት የኢጣልያ ወታደሮች ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም፣ ማዕርጉ ሌተና ኮሎኔል የሆነ፣ በናፖሊ ከተማ በዚህ አዲስ ጨረር በሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈልጎ አገኘ። ጨረሩ ለጦር ቁስለኞች ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው መሆኑን የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እንግዲህ የጨረር ሕክምና ታሪክ ገና ሲጀመር የእኛ አባቶች የተኮሱት ጥይት በውስጡ አለበት ማለት ነው። ዛሬ ሁላችን የምንናገረው «ራጅ» የሚለው ቃልም የኢጣልያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ «ራጂ» ማለት ጨረሮች ማለት ነው።

አዮን ፈጣሪ ጨረር ምንድን ነው?

ጨረር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የፀሐይ ብርሃንም፣ የራዲዮ ሞገድም፣ የስልክ ማማ የሚያሠራጨው ሞገድም ጨረር ነው። እኛ የምንናገርለት ግን አዮን ፈጣሪ የሚባለውን ነው። አቶም በመካከሉ እምብርት፣ በዙሪያው ኤሌክትሮኖች እንዳሉት ሁላችን ተምረናል። አንድ ጨረር ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ ነጥቆ ለማውጣት የሚበቃ ኃይል ካለው፣ የተነጠቀው አቶም አዮን ይሆናል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ለስላሳ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስ ከቡናው ቅርንጫፍ ጥሬውን ፍሬ አያወርድም፤ የለቃሚ ጣት ግን አንድ ጊዜ ቢይዘው ያወርደዋል። የስልክ ማማ ሞገድ እንደ ነፋሱ ነው፤ ቢበዛም ኤሌክትሮን አይነጥቅም። ራጅ እንደ ለቃሚው ጣት ነው።

በ1896 ሄንሪ ቤክሬል የተባለ ፈረንሳዊ፣ ዩራንየም የተባለው ማዕድን ማንም ሳይነካው ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ አገኘ። ከእርሱ በኋላ ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ኩሪ ይህን ጠባይ መረመሩ። የአንዳንድ አቶሞች እምብርት አይረጋም፤ እስኪረጋ ድረስ ከውስጡ ጨረር ይወረውራል። እንዲህ ያለውን አቶም ራዲዮአክቲቭ እንለዋለን። የሚወረውረውም በተለይ ሦስት ዓይነት ነው። አልፋ ከባድና አጭር መንገድ የሚሄድ ነው፤ አንድ ወረቀት ወይም የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ያቆመዋል፤ ነገር ግን በምግብ ወይም በትንፋሽ ወደ ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ብርቱ ነው። ቤታ ኤሌክትሮን ነው፤ ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ያቆመዋል። ጋማ ግን እንደ ራጅ ሰውነትን ዘልቆ የሚያልፍ ስለሆነ፣ እርሱን ለማዳከም እርሳስ ወይም ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ያስፈልጋል።

አንድ ልዩነት እዚህ ላይ ልብ በሉ። የራጅ መሣሪያ ጨረር የሚያወጣው በኤሌክትሪክ ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ በክፍሉ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ራዲዮአክቲቭ የሆነ ነገር ግን ማብሪያና ማጥፊያ የለውም፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

ዘውድ ወይስ ጎፈር?

ራዲዮአክቲቭ ነገር ለዘላለም በዚያው ኃይሉ አይኖርም። አንድ ጨዋታ እንጫወት። 64 ሳንቲሞች ወስደን በጠረጴዛ ላይ እንበትንና ጎፈር የወጣውን ሁሉ እናንሣ፤ ወደ 32 ገደማ ይቀራሉ። የቀሩትን ደግመን ብንበትን 16፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 4 ይሆናሉ። የትኛው ሳንቲም በየትኛው ጊዜ እንደሚወጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ በየጊዜው ግማሹ እንደሚወጣ ግን እናውቃለን። የአቶሞችም ነገር እንዲሁ ነው። ግማሹ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ «ግማሽ ዕድሜ» ይባላል። ለእንቅርት እጢ ሕክምና የሚውለው አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው፤ ኮባልት 60 ከ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ነው፤ ሲዝየም 137 ወደ 30 ዓመት ነው። ስለዚህ የኮባልት መሣሪያ ያለው ሆስፒታል ምንጩን በየጊዜው ካልለወጠ፣ ለአንድ ሕመምተኛ የሚፈጀው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል።

በቡናው ውስጥስ?

አንዳንዶቻችሁ ጨረር ከሰው እጅ ሥራ ብቻ የሚወጣ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ተክልም ሰውም ያለ ፖታሲየም አይኖርም፤ ከፖታሲየም ውስጥ ደግሞ ጥቂቱ፣ ከ10 ሺህ አንድ ያህሉ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ነው። በአንድ ግራም ፖታሲየም ውስጥ በየሰከንዱ 31 ያህል አቶሞች ጨረር ያወጣሉ። በሰከንድ አንድ መሆኑ አንድ «ቤክሬል» ይባላል። ቡና ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማው ፖታሲየም ነው። አንድ ፈረሱላ፣ ማለት 17 ኪሎ ቡና፣ ወደ 340 ግራም ፖታሲየም ሲይዝ፣ በየሰከንዱ ወደ 10 ሺህ ጊዜ ጨረር ይወረውራል ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ጀበናውን ለመጣል ሳይቸኩል የራሱን ሰውነት ይመልከት፤ በአንድ ሙሉ ሰው አካል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ብቻ በየሰከንዱ ከ4 ሺህ ጊዜ በላይ ይወረውራል። ቡና ብንጠጣም ሰውነታችን የሚበቃውን ያህል ፖታሲየም ብቻ ይዞ ትርፉን ስለሚያስወጣ መጠኑ አይጨምርም። «10 ሺህ» የሚለው ቁጥር ያስፈራል፤ ከሌላ ጋር ሲመዛዘን ግን ትንሽ ነው።

ይኸው ፖታሲየም ለአገራችን ታሪክም ውለታ ውሏል። ፖታሲየም 40 ከፊሉ በረጅም ዘመን ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም በእሳተ ገሞራ አመድ ቅንጣት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው፣ በአካባቢዋ ባለው አመድ ውስጥ የታሰረው አርጎን ተለክቶ ነው።

ከሰማይም ጨረር ይመጣል። ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ጅማ፣ በላይዋ ያለው አየር ስለሚሳሳ፣ ቡናችን ከሚጫንበት ከጂቡቲ ወደብ እጥፍ ገደማ የሰማይ ጨረር ታገኛለች። ከመሬትም ራዶን የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ቤትም ይጠራቀማል። መስኮት መክፈት ቀላሉ መድኃኒት ነው።

ሚዛኑ

በሰውነት ላይ የሚደርሰው የጨረር መጠን «ሚሊሲቨርት» በሚባል ይመዘናል። አንድ ሰው ከሰማይ፣ ከመሬት፣ ከአየርና ከምግብ የሚያገኘው ጨረር በዓለም በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። አንድ የደረት ራጅ ብዙ ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.1 ይሆናል፤ ይህም ከተፈጥሮ በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት የምናገኘው ያህል ነው። ሲቲ ስካን የሚባለው የሆድ ምርመራ ግን እስከ 10 ሊደርስ ይችላል፤ የአራት ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ለጨረር ሠራተኛ የተወሰነው ልክ የአምስት ዓመቱ አማካይ ሲታሰብ በዓመት 20 ነው፤ ከሕክምናና ከተፈጥሮ ውጭ ለማንኛውም ሰው የተወሰነው ልክ በዓመት 1 ነው። ባንድ ጊዜ መላ አካሉን 1000 የመታው ሰው ሊታመም ይችላል፤ ከ4000 እስከ 5000 የመታው ካልታከመ ከሁለት አንዱ ይሞታል።

እንግዲህ ሳል የያዘው ወንድማችን የሳንባ ነቀርሳ እንዳለበት ለማወቅ ራጅ ተነሣ ቢባል፣ ሊፈራ የሚገባው ነቀርሳውን እንጂ ራጁን አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ «ለማየት ያህል» እየተመላለሰ ሲቲ ስካን የሚያስነሣ ሰው ካለ ግን እርሱን ማስጠንቀቅ ይገባል።

የሚገድለው እንዴት ያድናል?

ጨረር በሕዋሳችን ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን ይሰባብራል፤ የዘር መልእክት የተጻፈበትን ዲ ኤን ኤንም ይቆርጣል። ሰውነት አብዛኛውን ይጠግናል። ቁራጩ ከበዛ ሕዋሱ ይሞታል፤ ተጣሞ ከተጠገነ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ናቸው። በማኅፀን ያለ ፅንስ ለጨረር ስስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ካንሰርም የሚሸነፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም የካንሰር ሕዋስ ዕረፍት ሳያውቅ ይከፋፈላል። ሐኪሙ ጨረሩን በእብጠቱ ላይ ብቻ ያነጣጥርና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ለሳምንታት ይሰጣል፤ በመካከሉ ጤነኛው ሕዋስ ራሱን ይጠግናል፤ ታማሚው ግን እንደ ጤነኛው መጠገን ስለማይሆንለት ይሸነፋል። ስለሆነም በመላ አካል ላይ ባንድ ጊዜ ቢወርድ የሚገድለው መጠን፣ በአንድ ቦታ ላይ ተከፋፍሎ ሲሰጥ ሕይወት ያተርፋል።

በአገራችን ይህ ሕክምና በ1997 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ተጀመረ። ከ20 ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ያለው ይኸው አንድ ስፍራ ብቻ ስለ ነበር፣ ከጅማ ዙሪያ የሄደ ሕመምተኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በሰው ቤት ወይም በኪራይ ተጠግቶ፣ ወራት ተራ ይጠብቅ ነበር። ተራው እስኪደርስም ሕመሙ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም የጨረር ሕክምና ክፍል አለው። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የበዛው የማኅፀን በር ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት በጨረር ሊድን የሚችል ነው። መንገዱ እንዲህ ካጠረ በኋላ አንዲት እናት በወሬ ምክንያት ብቻ ቤቷ ብትቀር ኃላፊነቱ የማን ነው? እውነቱን እያወቅን ዝም ያልን የእኛም ጭምር ነው እንላለን።

ከእርሻው ወገን ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምንሻገረው የጊቤ ሸለቆ፣ ወደ በደሌም ስንሄድ የምናገኘው የዴዴሳ ሸለቆ፣ በቆላ ዝንብና እርሱ በሚያመጣው በገንዲ በሽታ የታወቁ ናቸው፤ ስንት ገበሬ በሬውን በዚህ አጥቷል! በ2007 በቃሊቲ አንድ የዝንብ ማራቢያ ድርጅት ተከፈተ። እዚያ የሚራቡት ወንድ ዝንቦች በኮባልት ጋማ ይመከናሉ፤ ከዚያም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ይለቀቃሉ። ሴቲቱ ዝንብ ብዙ ጊዜ በዕድሜዋ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ መካኑ ካገኛት ልጅ አትወልድም። በዚህ መንገድ በዛንዚባር ደሴት ዝንቡ ጨርሶ መጥፋቱ በ1997 ተረጋግጧል። ከእርሻ ትምህርት ቤቱና ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕዶ በ1999 የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ስለሆንን፣ ይህ ትምህርት የሁለቱም ወገን መሆኑን ልናስታውስ ይገባናል።

ጨረር የበራበትና ጨረር የያዘ

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያመጣውን የአሳብ መደባለቅ አሁን እንለይ። ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ፀሐይ አይሆንም። እንዲሁም በራጅ፣ በኮባልት ወይም በዘመናዊው ማፋጠኛ መሣሪያ ከውጭ የታከመ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ በሰውነቱ የሚሸከመው ጨረር የለም። ልጇን ማቀፍ፣ ከቤተሰቧ ጋር ባንድ ትሪ መብላት፣ በጎረቤት ሲኒ ቡና መጠጣት ትችላለች። መድኃኒቱ ራሱ ራዲዮአክቲቭ ሆኖ ለሚዋጥበት ሕክምና ግን፣ እንደ አዮዲን 131 ላለው፣ ሐኪሙ ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቅ በል ይላል፤ ትእዛዙን መጠበቅ ነው። ቀኑ ሲያልቅ ነገሩም ያልቃል።

ጨረር የያዘ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው። በመስከረም 1987 በብራዚል አገር፣ ጎያኒያ በተባለች ከተማ፣ ከተተወ ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ የሕክምና መሣሪያ አውጥተው ለውራጅ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ የነበረው ሲዝየም 137 በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለ ነበረው ዘመድ አዝማድ እንደ ጌጥ ተከፋፈለው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከ110 ሺህ በላይ ሰው ተመረመረ፤ በ249 ሰዎች ላይ ዱቄቱ ተገኘ። በጅማ መርካቶም ሆነ በአጋሮ ሰፈር «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ወንድማችን ይህን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል። ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት ያለበትን፣ ወይም ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ የእርሳስ ሣጥን ያገኘ ሰው ሳይከፍት፣ ሳይነካ፣ ርቆ ለመንግሥት ማስታወቅ ይገባዋል።

ሦስቱ መከላከያዎች

ከጨረር ጋር ለሚሠራ ሰው ሕጉ አጭር ነው፤ ጊዜ፣ ርቀትና ጋራጅ ነው። ጊዜን ማሳጠር፤ ግማሽ ጊዜ ግማሽ መጠን ነው። ርቀትን መጨመር፤ ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ብንርቅ የሚደርሰን ሩብ፣ ወደ ሦስት ብንርቅ ከዘጠኝ አንድ እጅ ብቻ ነው። ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሕፃን ጥቂት ወደ ኋላ ሲል የሚያገኘውን ዕረፍት ሁላችን እናውቃለን። ሦስተኛው በእርሳስ ሽርጥ ወይም በግድግዳ መጋረድ ነው።

በአገራችን የጨረር መከላከያ ሕግ በአዋጅ ወጥቷል፤ ዛሬ ይህን ሥራ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው። አዋጅ ግን በሩን አይዘጋም፤ በሩን የሚዘጋው በክፍሉ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ በራጅ ክፍል ለልምምድ የሚመደብ ተማሪ ሁሉ የጨረር መለኪያ ደረቱ ላይ ሳያደርግ አይግባ፤ ከሌለ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፤ ሥዕል ሲነሣ በሩ ይዘጋ፤ የማያስፈልግ ሰው ይውጣ፤ ሕፃን የሚይዝ ሰው ካስፈለገ ሽርጥ ይልበስ፤ ነፍሰ ጡር አትያዝ። ሴት ታካሚም ከመነሣቷ በፊት እርግዝና እንዳላት በአክብሮት ትጠየቅ።

ሦስተኛ፤ ዛሬ ያልነው አጥሮ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ፣ በዕረፍት ወደ ቡና ከተሞች የሚሄዱ ተማሪዎች ይዘውት ይሂዱ። በገበያ ቀን፣ በዕድር፣ ቡና በሚጠጣበት ቤት ሁሉ ይነገር።

አራተኛ፤ የጨረር ሕክምና ታዝዞላት ከቀረች ሴት ጋር የሚተዋወቅ ተማሪ ካለ ቤቷ ሄዶ ያነጋግራት፤ ቢቻል እስከ ሐኪሙ በር ይሸኛት።

በሚቀጥለው ወር ዕረፍት ይጀመራል። ሦስተኛውን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የሚረዱን፣ በተለይ አፋን ኦሮሞ አጥርተው የሚጽፉ ጓደኞች፣ ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን ለጸሐፊው እንዲሰጡልን እንለምናለን። መምህራኖቻችንም ረቂቁን እንዲያርሙልን በትሕትና እንጠይቃለን።